ቀዩን አፈር ሳላጥብ አልነፋም

በአፈር ላቦራቶሪ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከኮልፌ አጠና ተራ ወዲያ ለሕንፃ መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ቀይ አፈር መጣልኝ። ኦቨን ውስጥ አድርቄ፣ ወንፊቶቹን ደርድሬ ነፋሁት። አብዛኛው ከ0.075 ሚሊ ሜትሩ ወንፊት በላይ ስለቀረ «አሸዋ» ብዬ መዘገብኩ። አንጋፋው ቴክኒሻን ከወንፊቱ ላይ ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ በውሃ አሹት። አሸዋዬ ሟሟ፤ መዳፋቸው ላይ ቀይ ጭቃ ብቻ ቀረ።

«ይኼ አሸዋ ነው ልጄ?» አሉኝ።

እርግጥ አልነበረም። የአዲስ አበባ ተዳፋቶች ቀይ አፈር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እዚያው ባለበት በስብሶ የተፈጠረ ነው። የብረት ኦክሳይዱ የሸክላውን ቅንጣቶች እንደ ሙጫ ያያይዛቸዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጠነክራል። ስለዚህ መጀመሪያ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ በዚያው ወንፊት ላይ ይታጠባል። አርተር ካሳግራንዴ እ.ኤ.አ. በ1942 ለአውሮፕላን ማረፊያዎች ባወጣው ምደባ ላይ በተገነባው ሥርዓት ከግማሽ በላይ ካለፈ አፈሩ ደቃቅ ነው። የወንፊቱን ቀዳዳ ጥበት ለማሰብ ያህል፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ ከእሱ በብዙ እጥፍ ትሰፋለች።

ከዚያ በታች ላለው ወንፊት የለንም፤ ሥራው የውሃ ነው። አፈሩ ከሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ጋር ተበጥብጦ 1000 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ውስጥ ይዘቅጣል፤ የፈሳሹን ጥግግት የሚለካው ሃይድሮሜትር እስከ 24 ሰዓት ይነበባል። በስቶክስ ሕግ መሠረት ውፍረቱ በግማሽ ያነሰ ቅንጣት አራት ጊዜ ዘግይቶ ይወርዳል። ይህን ምርመራ እወደዋለሁ። ነገር ግን ቀዩን አፈር አብዝቼ በበጠበጥኩት ቁጥር የተጣበቁት ጓሎች እየተፈቱ ሸክላው ይበዛል። ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛ መጠኑ? ሳይነካ መሬት ውስጥ ሲኖር ውሃ የሚያሳልፈው በጓሎቹ መካከል ነው፤ ማሽን ሲያሸው ግን ሌላ አፈር ይሆናል።

ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር ደግሞ የቅንጣት መጠን ግራፉ ከቀዩ ጋር ተመሳስሎ ሊወጣ ይችላል። በበጋ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት አብጦ ወለል የሚያነሳው ግን እሱ ነው። ያንን የቅንጣት መጠን አይነግረኝም፤ አፈሩ በስንት እርጥበት ወደ ሊጥነት፣ በስንትም ወደ ፈሳሽነት እንደሚሻገር የሚያሳዩትን የአተርበርግ ወሰኖች እለካለሁ።

ዛሬ ከኮልፌ ናሙና ሲመጣ ግማሹን ሳላደርቅ፣ ከነእርጥበቱ በፌስታል አስሬ አስቀምጣለሁ። ሁለቱንም እሠራለሁ። ከግራፉ ጎን እንዴት እንደተዘጋጀና ስንት ደቂቃ እንደተበጠበጠ እጽፋለሁ፤ ውጤቶቹ ከተለያዩም ሁለቱንም ለመሐንዲሱ እልካለሁ።