ትዝታን ያስተማረችው የባሕር ቀንድ አውጣ

አፕሊዥያ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ የባሕር አረም እየበላች የምትኖር፣ ለዓይን እምብዛም የማትማርክ ቀንድ አውጣ ናት። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት የእሷ 20,000 ያህል ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ያለ ማጉያ መነጽር እስኪታዩ ድረስ ትልልቅ ናቸው። ቪየና ተወልደው በልጅነታቸው ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ የገቡት ኤሪክ ካንደል ትዝታን ለማጥናት የመረጧት በዚሁ ምክንያት ነው። ምርጫው ለብዙ ባልደረቦቻቸው እንግዳ ነበር።

አፕሊዥያ በቀስታ ስትነካ የመተንፈሻ አካሏን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። ንክኪው ሲደጋገም ጉዳት እንደሌለው ትለምድና ቸል ትላለች። ጅራቷን ኤሌክትሪክ ከነዘራት ግን ቀላሉ ንክኪ እንኳ ያስበረግጋታል። የአንድ ንዝረት ትዝታ ለደቂቃዎች ይቆያል፤ በየመካከሉ እረፍት እየተሰጠ ሲደጋገም ለቀናት፣ አልፎም ለሳምንታት ይዘልቃል። ያን ጊዜ በነርቮቿ መካከል አዳዲስ መገናኛዎች ይበቅላሉ። ልምድ አካልን ራሱን ይለውጣል ማለት ነው፤ የካንደል ግኝት ትልቁ ቁም ነገርም ይህ ነው።

ሰውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ለቀናት ተከፋፍሎ የተጠና ትምህርት በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ከተነበነበው ይልቅ ይከርማል (ተማሪዎች ይህን እያወቁም ዋዜማውን ይመርጣሉ)። ካንደል በዚህ ጥናታቸው በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ከአርቪድ ካርልሰንና ከፖል ግሪንጋርድ ጋር ተጋርተዋል።