ስለ ቶማስ ሽቲትኒ መጻሕፍት

የቦሔምያው ባላባት ቶማስ ሽቲትኒ በፕራግ ዩኒቨርሲቲ በላቲን የተማረውን ለልጆቹ በቼክ ቋንቋ ጻፈላቸው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1376 ዓ.ም. ያዘጋጃቸው 6 መጻሕፍት ከእምነት፣ ከተስፋና ከፍቅር ተነሥተው ስለ ደናግል፣ ስለ መበለታት፣ ስለ ባለትዳሮችና ስለ ቤት አስተዳደር ያስተምራሉ። ሊቃውንቱ ምሥጢርን በሕዝብ ቋንቋ መጻፉን ነቀፉበት፤ እርሱ ግን እግዚአብሔር ላቲን የማያውቀውን አሳንሶ አይወድም ሲል ተከራከረ።

የሰውን ማዕርግ ምዕራባውያን በሚቈጥሯቸው 9 የመላእክት ነገዶች መመሰሉ ያጠያይቃል፤ ጌታውን ኃላፊነቱን ቢያስተምረውም ገበሬውን በነበረበት ይተወዋል። ሐሳቡም በብዙው ከቀደሙት መምህራን የተቀዳ ነው። ሆኖም ውኃው የሌላ ቢሆን ማድጋው የራሱ ነው፤ የተጠማው ቤተ ሰብም የጠጣው በዚያው ነው።

ስለዚህ የምናስተምር ሁሉ፣ ሰሚው ሳይገባው አሜን ቢለን ደስ አይበለን።