የዜና እጅ ሥራ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያሳየው የኮረም የረሃብ ዘገባ በንጋት ይጀምራል። ብርሃኑ ገና አልጠራም፤ ብርዱ ከምስሉ ያስታውቃል። ካሜራው ከሜዳው አንድ ጫፍ ይነሳና ቀስ እያለ ይሄዳል። የተከናነቡ፣ የተኮራመቱ፣ እርስ በርስ የተደጋገፉ ሰዎች ይታያሉ። ካሜራው ይሄዳል፤ ሰዎቹ አያልቁም። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ተራኪው የቢቢሲው ማይክል በርክ ነው። ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ይህ ሥራ ከ400 በሚበልጡ የዓለም ጣቢያዎች ታይቷል፣ ተሸልሟል። ተከትሎት የመጣውን የእርዳታ ዘመቻና ዘፈን የማያውቅ የለም።

ስለ ረሃቡ ብዙ ተጽፏል። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ያ የመጀመሪያ ፓን፣ ያ የካሜራው ቀስ ያለ ዙረት ነው። ካሜራ ትከሻው ላይ ያዋለ ሰው እንደሚያውቀው በዝግታ ማዞር ከባድ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ነገር ልብ የሚያርድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዓይን ወደሚያለቅሰው ይሮጣል፣ ጣት ወደ ዙሙ ይሄዳል። አሚን አልቸኮለም። የሕዝቡን ብዛት ቁጥር ሳይጠራልን በፊት ምስሉ በወሰደው ጊዜ እንድንለካው አደረገን። ወደ ፊቶች የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ትረካውም ቦታ ይለቃል፤ በቃላቱ መሐል ሳልና ልቅሶ ይሰማል። ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም።

ለነገሩ በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ ውስጥም የካሜራ ሰው አልጠፋም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀለም ሥርጭት የጀመረው ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነው። ሰልፉም፣ ባንዲራውም፣ መድረኩም በቀለም ታየ። ጎበዝ እጅ ነበረ፤ በበዓሉ ሰሞን የኮረምን ሜዳ ወደ ምሽቱ ዜና የሚያስገባ ግን አልነበረም።

እንግዲህ የኮረሙ ዘገባ ለውድድር ቀርቦላችሁ ዳኛ ብትሆኑ ለምኑ ትሸልሙታላችሁ? ለረሃቡ ወይስ ለቀረጻው? ብዙ የዜና ሽልማት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትልቅ አደጋ የደረሰበት አካባቢ ያለው ጣቢያ ዋንጫውን ይወስዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የውኃ ፈረቃና የመንገድ ቁፋሮ በጥሩ እጅ ሲሠራ የኖረው ጣቢያ አጨብጭቦ ይሄዳል።

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ከቆሼ የከበደ ፈተና የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ፣ የረጲው ተራራ፣ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን የላስቲክና የጭቃ ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ኤክስካቫተሩ ለቀናት ሲቆፍር፣ ቤተሰብ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ፣ የአገር ውስጡም የውጭውም ካሜራ አብሮ ቆመ።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ካሜራውን ማንም ይያዘው ማን ተመልካች ያለቅሳል። ስለዚህ እንባ ነጥብ አያሰጥም። ዳኛው ሌላ ሌላውን ይይ። ሰፈሩን ረግጦ የማያውቅ ተመልካች የተራራው ቁመት ገባው? የቆሻሻ ክምር በቴሌቪዥን ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚታየው። ቁመቱ የሚገባን ከሥሩ አንድ ሰው ሲያልፍ ወይም ጫፉ ላይ አንድ የቆሻሻ መኪና ሲወጣ ነው፤ ጎበዝ የካሜራ ባለሙያ ያ ሰው እስኪያልፍ፣ ያ መኪና እስኪወጣ ትራይፖዱን ተክሎ ይጠብቃል። ድምፁስ? ኤክስካቫተር አጠገብ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ በሞተር ይዋጣል። የሚያውቅበት ሰው እማኙን ከአንድ ግንብ ጀርባ ወስዶ ያነጋግረዋል፤ የሞተሩን ድምፅ ደግሞ ለብቻው ቀርጾ ይይዝና ኤዲቲንግ ላይ በልኩ ያስገባዋል። እንዲህ የተሠራ ዜና ሲታይ ማንም “ድምፁ ጥሩ ነው” አይልም፤ የሚነገረውን ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ርቀት አለ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የሟች እናት ፊት ላይ ዓይኑን አይተክልም። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ሲጠሩት ይቀርባል። ሐዘን ላይ የሚሠራ ካሜራም ልኩ ይኸው ነው። የእናትየዋን ፊት ስክሪኑን እስኪሞላ ካቀረበ ሾት ይልቅ ከኋላዋ ቆሞ እሷ የምታየውን ጉድጓድ ያሳየ ሾት የበለጠ ነጥብ እሰጠዋለሁ። የነጠላዋ ጠርዝ ፍሬሙ ውስጥ ከገባ ይበቃል።

እኔ ግን በቆሼ ዜና ላይ ትልቁን ነጥብ የማስቀምጠው በሐዘኑ መሐል ምክንያቱን ላልዘነጋ ሪፖርተር ነው። የከተማው ቆሻሻ በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ መኪኖቹ ወደ ረጲ ተመለሱ። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስገብቶ ወደ ቁፋሮው የተመለሰ ሪፖርተር የአሥር ደቂቃ ልቅሶ የማይሰጠንን ሰጥቶናል። በ2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅም ብልህ ካሜራ ሪባኑንና ተራራውን በአንድ ፍሬም ያስገባል። የምረቃ ዜና ቀላል የሚመስለው እንዲህ ያለውን ላላየ ሰው ነው።

ሽልማት እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት እነ አፈወርቅ ተክሌን፣ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የበጎ ሰው ሽልማትም የሚዲያና ጋዜጠኝነት ዘርፍ አለው፤ ሕዝብ ይጠቁማል፣ ዳኞች ይመርጣሉ። ደግ ሥራ ነው። የሚሸለመው ግን የሰው ዕድሜ እንጂ የማክሰኞ ምሽቱ የሁለት ደቂቃ ዜና አይደለም። ለእኔ ሐሳብ፣ ለዜና እጅ ሥራ ሽልማት፣ ይበልጥ የሚቀርበው ጉማ የፊልም ሽልማት ነው። ስሙን ከሚሼል ፓፓታኪስ “ጉማ” ፊልም ወስዶ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ሽልማት አንድን ፊልም በሙያ በሙያው ይበትነዋል፤ ለካሜራው፣ ለድምፁ፣ ለኤዲቲንጉ ለየብቻ ይሸልማል። የፊልም ኤዲተር ዋንጫ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ፉቴጁ አመሻሽ ላይ ደርሶት ለምሽቱ ዜና ቆርጦ የሚያደርሰውን የዜና ኤዲተር ግን ከዜና ክፍሉ በር ውጪ ማን ያውቀዋል?

በአሜሪካ የዜና ሽልማት ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ ከደንባቸው ሁለት ሦስት ነገር መዋስ አያሳፍርም። በጋዜጠኛው ኤድዋርድ ሙሮ ስም ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የዜና ሽልማት ትልቅ ከተማና ትንሽ ከተማ ያሉ ጣቢያዎችን አያጋጭም፤ ለየምድባቸው ያወዳድራቸዋል። ሥራው በአየር ላይ እንደዋለ መቅረብ አለበት፤ ለውድድር ተብሎ የታሸ፣ የተኳኳለ አይገባም። የክፍለ ግዛት የብሮድካስተሮች ማኅበራት ደግሞ አንዱ የሌላውን ውድድር ይዳኛል፤ የጎረቤቱን ሪፖርተር ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቢመዝነው ይሻላል በሚል። የፒቦዲ ሽልማት ዳኞች የሚሸልሙት ሁሉም ሲስማሙ ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ይከብዳል፤ ሻይ ቡና እየተባለ ሳምንት ያስፈጃል። የቀረው ግን ይሆናል። የድሬዳዋ ባለሙያዎች የአዲስ ሚዲያ ኔትወርክን፣ የባሕር ዳሮቹ የሐረርን ይዳኙ። ዕቃ የሞላው ጣቢያና አንድ ካሜራ ለሦስት ሪፖርተር የሚያካፍለው ጣቢያ በየምድባቸው ይወዳደሩ።

እኔ የምጨምረው አንድ ደንብ አለ። ጣቢያዎቹ ሥራቸውን ራሳቸው አይምረጡ። የውድድሩ አዘጋጅ ዓመቱ ካለቀ በኋላ በዕጣ ቀን ያውጣና “የዚህ ቀን የምሽት ዜናችሁን ሙሉውን ላኩ” ይበል። ያኔ ለበዓል የተሠራው ሳይሆን የዘወትሩ እጅ ይታያል። እርግጥ ነው፣ ከዕጣው የሚወጣው ዜና ግማሹ የስብሰባ ዜና ይሆናል።

ይሁን። የስብሰባ ዜናም ዋንጫ ይገባዋል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። መድረክ፣ ባነር፣ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው፣ የሚያጨበጭብ ሰው፣ ወደ አዳራሹ ጣሪያ የሚሄድ ፓን፤ ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ግን በአንድ የወረዳ ስብሰባ ላይ የካሜራ ባለሙያው መድረኩን ትቶ ኋላ ረድፍ ላይ ያሉ እናት ለጥያቄ ያነሱት እጅ ላይ ካተኮረ፣ እጁ ዕድል ሳያገኝ ቀስ ብሎ ሲወርድም ካልቆረጠ፣ የስብሰባውን ዜና አገኘው ማለት ነው። ይህን ሾት የማይቆርጥ ኤዲተር ካለ እሱም ሽልማቱን ይካፈል፤ ከአለቃው ጋር ተሟግቶ ይሆናል ያቆየው።

ዳኞች እንዲህ ያለውን ለማየት ሥራውን ደጋግመው ያዩታል፤ አንዴ ድምፁን ዘግተው፣ አንዴ ጀርባቸውን ሰጥተው በጆሮ ብቻ። ድምፁ ሲዘጋ የማይገባ ዜና ምስሉ ሥራ አልሠራም። በጆሮ ብቻ ሲሰማ ሁሉም የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ዳኝነት ይከብደኛል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። ዲምብልቢ የሠራው እንዳለ አልነበረም የቀረበው። በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል እየገባ ተቆራርጧል። በነጋታው ንጉሡ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። በአገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ከዚያ የበለጠ ኃይል የነበረው ኤዲቲንግ አላውቅም። በአንድ በኩል ረሃብተኛው፣ በሌላ በኩል ድግሱና የውሾቹ ሥጋ።  መቀሱን የያዘው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ለኤዲቲንጉ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ይሆናል። በዜናነቱ ግን አላሳልፈውም። ሁለቱ ምስሎች የተቀረጹበት ቀንም ቦታም የተለያየ ነው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን፣ ልዩነቱን የሚነግር ጽሑፍ ከሌለ፣ ተመልካች በአንድ ሰዓት የሆነ ያህል ያያቸዋል። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ካት የሚለው ግን ሦስተኛ ነገር ነው። ዛሬም የየጣቢያው ኤዲተር ከአምናው ጎርፍ አንድ ሾት አንስቶ የዘንድሮው ላይ ሲሰካ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ መጠኑ ቢያንስም። ስለዚህ በደንቡ ላይ “ፋይል ምስል” የሚል ጽሑፍ የሌለበት የቆየ ምስል ሥራውን ከውድድር ያስወጣዋል የሚል አንቀጽ ይግባ። ጥብቅ ነው፤ ጥብቅ ይሁን።

አዘጋጅ ብሆን የመጀመሪያውን ዙር እዚሁ ኮልፌ አደርገው ነበር። ሁሉም ጣቢያ በአንድ ቀን ጠዋት አጠና ተራ ይምጣ። አደጋ የለም፣ ባለሥልጣን የለም፣ ሪባን የለም። የባሕር ዛፍ አጠና የሚጭን፣ የሚያወርድ፣ ዋጋ የሚከራከር ሰው አለ። አንዱ ጣቢያ በዋጋው ይጀምራል። ሌላው አጠናው ከመኪና ሲወረወር በሚሰማው ድምፅ ይጀምርና ዋጋውን ከተሸካሚው አፍ ያስወጣዋል። ሦስተኛው ሪፖርተሩን ክምሩ ፊት አቁሞ ለአንድ ደቂቃ ያስወራዋል፤ እሱ ወዲያው ይውደቅ። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ፣ ካሜራ አንድ፣ ሙዚቃ ክልክል። በምስክር ወረቀቱ ላይ የሪፖርተሩ፣ የካሜራ ባለሙያውና የኤዲተሩ ስም በእኩል ፊደል ይጻፍ፤ ሾፌሩም አይረሳ። ዳኞች ለተሸነፈውም ለምን እንደተሸነፈ በአንድ ገጽ ጽፈው ይላኩለት፣ የቆረጠበትን ሰከንድ ሳይቀር ጠቅሰው።