የአሮጌው መርከብ አዲስ መርከበኞች

በቴአትር ዘንድ አንድ ገጸ ባሕርይ የማንም ተዋናይ የግል ርስት አይደለም። ሐምሌትን ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይጫወተዋል፤ ተመልካቹም አዲሱ ከቀድሞው በምን እንደ በለጠና በምን እንዳነሰ ለማየት ይመጣል እንጂ «ይህ ሰው ሐምሌት አይደለም» ብሎ በር ላይ አይከራከርም። በሲኒማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊልም ፊትን ይይዛል፤ የያዘውንም ፊት ሳያስረጅ ለልጅ ልጅ ያሳያል። ስለዚህ ገጸ ባሕርዩና ተዋናዩ አንድ አካል ሆነው በተመልካች ልብ ይቀረጻሉ። ይህን የተቀረጸ ፊት በሌላ መተካት ይቻላልን? ጄምስ ቦንድ ስንት ጊዜ ፊቱን ለወጠ፣ ማን ከፋው? የሚለን ይኖር ይሆናል። ቦንድ ግን ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው። እኛ የምንመረምረው «ስታር ትሬክ» የወዳጆች ታሪክ ነውና፣ ፊቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲለወጡ ወዳጅነቱ ይተርፋል ወይ የሚለው ነው ጥያቄያችን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ይህ በጂን ሮደንበሪ የታሰበ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በ79 ክፍሎች ታየ። ከ1979 እስከ 1991 ደግሞ እነዚያው ተዋንያን ስድስት ፊልሞች ሠሩ። ዊሊያም ሻትነር አዛዡን ኪርክን፣ ሌናርድ ኒሞይ ከቫልካን አባትና ከምድር እናት የተወለደውን ስፖክን፣ ዴፎረስት ኬሊም ሐኪሙን ማኮይን ሆነው ሃያ አምስት ዓመት ያህል በተመልካች ፊት ሸመገሉ። በ2009 ዲሬክተሩ ጄ. ጄ. ኤብራምስ እነዚህኑ ሰዎች በወጣትነታቸው፣ በአዲስ ተዋንያን አቀረባቸው።

ደራሲዎቹ ሮቤርቶ ኦርሲና አሌክስ ከርትስማን ያገኙት ብልሃት እንዲህ ነው። ኔሮ የሚባል በቀለኛ ከወደ ፊቱ ዘመን መጥቶ የኪርክ አባት ያለበትን መርከብ ያጠፋል፤ ኪርክ በዚያችው ሰዓት ይወለዳል፤ ከዚያ ወዲያ ታሪክ በሌላ መንገድ ይፈሳል። እንግዲህ የቀድሞው ታሪክ አልተፋቀም፤ በጐኑ ሌላ ተተከለ ማለት ነው። ሽማግሌው ስፖክም፣ ራሱ ኒሞይ፣ ከዚያው ዘመን መጥቶ ከወጣቶቹ ጋር ይገናኛል፤ የርስቱ ባለቤት በአካል ተገኝቶ ወራሾቹን መረቀ እንደ ማለት ነው።

ይህን ሥራ ለመመዘን የቅኔ ቤት ልማድ የሚረዳን ይመስለናል። ዜማ የሚማር ደቀ መዝሙር መምህሩ እንዳሰማው ማዜም አለበት፤ ከዚያ ዝንፍ ቢል ስሕተት ነው። ቅኔ የሚማር ግን የጉባኤ ቃናውን ልክ ጠብቆ አዲስ ነገር መናገር ይገባዋል፤ ትናንት የተባለውን ቢደግም የሰው ቅኔ ሰረቀ ተብሎ ያፍራል። አሮጌ ፊልም በአዲስ ተዋንያን የሚያድስ ሰው የገባው ወደ ቅኔ ቤት ነው እንላለን። ልኩ የቀድሞው ነው፤ ቃሉ ግን አዲስ መሆን አለበት።

በዚህ ሚዛን የ2009ኙ ፊልም አብዛኛውን ያልፋል። ክሪስ ፓይን የሻትነርን አነጋገር፣ ያን በየቃሉ መካከል ቆም እያለ የሚሄደውን፣ አልቀዳም፤ የወሰደው የሰውዬውን ድፍረትና ችኩልነት ብቻ ነው። ካርል ኧርበን በአንጻሩ የኬሊን ነጭናጫ ማኮይ ድምፁን ሳይቀር ይዞ ቀረበ። ያስቃል፤ ነገር ግን ዜማ ነው እንጂ ቅኔ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው የዛካሪ ኩዊንቶ ስፖክ ነው። የኒሞይ ስፖክ ስሜቱን አሸንፎ የተቀመጠ ሰው ነበረ፤ አንድ ቅንድቡን ከፍ ማድረጉ እንደ ረጅም ንግግር ይቈጠር ነበር። የኩዊንቶ ስፖክ ትግሉን ገና አልጨረሰም። እናቱ በዓይኑ ፊት ከሞተች በኋላ፣ ኪርክ ወዷት እንደማያውቅ እየነገረ ሲነካካው ዘሎ አንገቱን ያንቀዋል። ያን ጊዜ የኒሞይ ጸጥታ በምን ዋጋ የተገዛ እንደ ነበረ ገባን። አዲሱ ፊት አሮጌውን አልሸፈነውም፤ አስረዳው።

ስለ ኡሁራ ጥቂት እንበል። የዚህች መኰንን ስም የወጣው «ኡሁሩ»፣ ማለት ነጻነት፣ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው። ኒሼል ኒኮልስ በ1966 ስትጀምረው ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን በመኰንን ማዕርግ መታየቷ ትልቅ ነገር ነበርና፣ ሥራውን ልትተው ባሰበች ጊዜ ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትተወው እንደ መከራት ራሷ ተናግራለች። የዞዊ ሳልዳና ኡሁራ ከቀድሞዋ ይልቅ ብዙ ትናገራለች፣ ብዙም ትሠራለች፤ ሆኖም የስፖክ ፍቅረኛ መሆኗ ከመኰንንነቷ ጐልቶ ይታያል። ትርፉ ከኪሳራው መብለጡን አላረጋገጥንም።

የፊልሙንም ጕድለት አንሸሽግም። ኪርክ በፈተና በማታለል ተከሶ ከትምህርት ታግዶ ሳለ በተንኰል መርከብ ይሳፈራል፤ ፊልሙ ሳያልቅም የዚያው መርከብ አዛዥ ይሆናል። (የተማሪዎች ዲሲፕሊን ጉባኤ ሁሉ እንዲህ ለጋስ ቢሆን!) ከዚህ የሚከፋው፣ ስድስት ቢሊዮን ነፍስ ያለባት ቫልካን ጠፍታ ፊልሙ ለልቅሶ ጊዜ የለውም።

የ2013ቱ ሁለተኛ ፊልም ግን ቅኔውን ትቶ ወደ ዜማ ተመለሰ። ካን የተባለው ጠላት በ1967 በቴሌቪዥን፣ በ1982 በፊልም በሪካርዶ ሞንታልባን ተጫውቶ ነበር። አሁን ቤኔዲክት ከምበርባች ያዘው፤ ማን መሆኑም ፊልሙ እስኪወጣ ድረስ ከሕዝብ ተሰወረ። በ1982 ስፖክ መርከቡን ለማዳን ጨረር ወዳለበት ክፍል ገብቶ ሲሞት ኪርክ ከመስተዋቱ ወዲህ ቆሞ ነበረ። በ2013 ትዕይንቱ ተገልብጦ ተደገመ፤ ኪርክ ከውስጥ፣ ስፖክ ከውጭ። የቀድሞው ያስለቀሰው በመስተዋቱ አልነበረም። ሁለቱን ሰዎች ተመልካቹ አሥራ ስድስት ዓመት አብረው አይቷቸው ነበርና ነው። አዲሶቹ በታሪካቸው ቈጠራ አብረው ካገለገሉ አንድ ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። የስፖክ ሞት በ1984 ሌላ ፊልም እስኪሽረው ሁለት ዓመት ጸንቶ ቆየ፤ ኪርክ ግን በካን ደም ድኖ በዚያው ፊልም ተነሣ። ያልኖሩትን ወዳጅነት ልቅሶ መዋስ አይቻልም።

ሦስተኛውን ጀስቲን ሊን በ2016 አዘጋጀው። ኒሞይ በ2015 ዐርፎ ነበርና በፊልሙም ሽማግሌው ስፖክ መሞቱ ለወጣቱ ይነገረዋል። ወጣቱ የሟቹን ዕቃ ሲከፍት የቀድሞዎቹን መርከበኞች ፎቶግራፍ ያገኛል፤ እነሻትነር፣ እነኬሊ፣ እነኒኮልስ ሸምግለው አብረው ቆመዋል። አንድም ቃል አይነገርም። በሦስቱ ፊልሞች ውስጥ አሮጌውና አዲሱ በእውነት የተያዩት እዚህ ላይ ነው።

ፊልሙ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2016፣ ቼኮቭን የሚጫወተው አንቶን የልቺን በ27 ዓመቱ በአደጋ ሞተ። ኤብራምስም ቼኮቭን ለሌላ ተዋናይ እንደማይሰጥ ተናገረ። ቼኮቭ ግን ከዋልተር ኬኒግ ወደ የልቺን አንድ ጊዜ ተላልፎ ነበር፤ ያስተላለፈውም ራሱ ኤብራምስ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የማይተላለፍበትን ምክንያት በቅኔ ቤቱ ሚዛን ልንመዝነው ሞክረን አልሆነልንም።