ከቁጥር የማይገባ ጠላት፦ ባዕዳን ፍጡራን በስትራቴጂ ጨዋታዎች ውስጥ

እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ጁሊያንና ኒክ ጎሎፕ የሠሩት «ዩፎ፦ ኢነሚ አንኖውን» እ.ኤ.አ. በ1994 ገበያ ላይ ሲውል አምስት የክብደት ደረጃዎች ነበሩት። የታችኛው ለጀማሪ፣ የላይኛው ደግሞ ከሰው በላይ ነኝ ለሚል ተጫዋች የታሰበ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ኤክስ-ኮም» ተብሎ የታወቀው ይህ ጨዋታ ግን ማንም ያላስተዋለው የፕሮግራም ስህተት ነበረበት። የመጀመሪያው ውጊያ እንዳበቃ ኮምፒውተሩ የተመረጠውን ደረጃ ይረሳና ሁሉንም ተጫዋች ወደ ጀማሪ ደረጃ ይመልሰዋል። ከባዱን መርጦ የገባውም ቀላሉን መርጦ የገባውም ከዚያ ወዲያ የሚገጥሙት አንድ ዓይነት ጠላት ነበር። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ከባዱ ደረጃ እንኳ ቀለለን ብለው ሲያማርሩ፣ አሳታሚው ማይክሮፕሮዝ የቅሬታውን ምንጭ ሳያውቅ በ1995 ያወጣውን ተከታይ ጨዋታ «ቴረር ፍሮም ዘ ዲፕ»ን አከበደው። ይህ ሁለተኛው ጨዋታ እስካሁን በምሕረት የለሽነቱ ይታወቃል።

በጀማሪ ደረጃ መሆናቸውን ሳያውቁ የተጫወቱት እነዚያ ሰዎች ክሪሳሊድ የሚባለውን ፍጡር የፈሩት ፍርሃት ግን ከደረጃው ጋር አብሮ አልቀለለም። ነገሩን ለሂስ የሚጋብዘው ይኸው ነው። አንድ ባዕድ ፍጡር ምን ያህል ያስቸግራል ሲባል መልሱ ብዙውን ጊዜ በቁጥር ይሰጣል፦ ስንት ጥይት ይችላል፣ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል፣ ስንት ሆኖ ይመጣል? ይህ ዳሰሳ የሚሟገተው ለሌላ መለኪያ ነው። ፍጡሩ መመዘን ያለበት ተጫዋቹ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተማመነበትን ስሌት ምን ያህል ያፈርስበታል በሚለው ነው። የጠላት ቁጥር ሲጨምር ተጫዋቹም የራሱን ቁጥር ይጨምራል፤ ሕጉ ሲለወጥበት ግን እንደ አዲስ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ክሪሳሊድ ጠመንጃ የለውም። ከሩቅ አይተኩስም፣ አይበርም፣ የሰው አእምሮ አይሰርቅም። ያለው ፍጥነትና ጥፍር ብቻ ነው። በአንድ ተራ የሚሄደው መንገድ አዲስ ምልምል ወታደር ከሚሄደው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ከቤት ጥግ ብቅ ብሎ ወታደሩ ዘንድ ለመድረስ ሌላ ተራ አይጠብቅም። የያዘው ሰው ይሞትና ቆሞ የሚሄድ በድን ሆኖ ይነሣል። በድኑ ሲመታ ደግሞ፣ በእሳት ካልተቃጠለ በቀር፣ ከውስጡ ሌላ ክሪሳሊድ ይወጣል። በመንደሩ ውስጥ የሚራወጡት ሲቪሎችም ዕጣቸው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የሚፈርሰውን ስሌት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ስምንት ወታደር ይዞ የገባ አዛዥ በሌላ ውጊያ አንድ ሰው ቢያጣ ሰባት ይቀሩታል፤ ኪሳራው እዚያው ላይ ይቆማል። ከክሪሳሊድ ጋር ሲሆን ግን የእርሱ ወገን በአንድ ሲጎድል የጠላት ወገን በአንድ ይሞላል። በድኑን በጥይት መጣል ድል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከዝግተኛው በድን ይልቅ ፈጣኑን ፍጡር ቀድሞ መፈልፈል ነው። ሲቪል ማዳን ለነጥብ ሲባል የሚደረግ በጎ ሥራ መሆኑ ያበቃና የጠላትን ምልመላ ማገጃ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያመጣው በፍጡሩ ላይ የተጻፈ አንድ ሕግ ነው፤ ስለዚህም የደረጃው መውረድ ብዙም አላለሰለሰውም።

የአሜሪካው ፊራክሲስ ኩባንያ በጄክ ሶሎመን መሪነት ጨዋታውን በ2012 እንደገና ሲሠራው ሕጉን በጥቂቱ አሻሻለው። በድኑ ሦስት ተራ ከቆየ ይፈለፈላል፤ ከዚያ በፊት ከተገደለ ግን ነገሩ በዚያው ያበቃል። የ1994ቱ ፍጡር ተኳሹን ይቀጣ ነበር፣ የ2012ቱ የሚቀጣው የሚዘገየውን ነው። የመጀመሪያው ይበልጥ ጨካኝ ቢሆንም ሁለተኛው ለተጫዋቹ ግልጽ ምርጫ ይሰጠዋል፤ ከፊቱ ያለውን ሕያው ጠላት ይምታ ወይስ ከኋላው የሚበስለውን? በ2013 የተጨመረው «ኢነሚ ዊዚን» ውስጥ ይህ ጥያቄ ወደ ጥጉ ተገፍቷል። ጭፍራው በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ወዳለች ጭር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ይገባል። ወደቡ ላይ በቆመው መርከብ ውስጥ የተጋደመው የዓሣ ነባሪ ሬሳ የፍጡራኑ መፈልፈያ ሆኗል። ክሪሳሊዶቹ ተገድለው አያልቁም፤ ያለው አማራጭ የአየር ድብደባ ጠርቶ ቦምቡ ሳይወርድ መሮጥ ነው። ተጫዋቹ ለወራት ያሠለጠናቸው አልሞ ተኳሾች እዚያ የሚመዘኑት በእግራቸው ነው።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ግን ከኤክስ-ኮም ሰፈር ውጭ ይገኛል። ፊራክሲስ በ1999 ያወጣው፣ ብራያን ሬይኖልድስ የነደፈው «አልፋ ሴንታውሪ» ሰባት የሰው ጎራዎችን ኬይሮን በምትባል ፕላኔት ላይ ያሰፍራል። ምድሩን ዜኖፈንገስ የሚባል ቀይ ሻጋታ ወርሶታል፤ ከሻጋታው ውስጥ ማይንድ ወርም የሚባሉ፣ በአእምሮ ላይ የሚዘምቱ የትል መንጋዎች ይወጣሉ። እነዚህ ትሎች ሲመጡ የጦር መሣሪያና የጥሩር ደረጃ ዋጋ ያጣል። ውጊያው የሚለካው በወታደሩ የሞራል ደረጃና በመንጋው የዕድገት ደረጃ ነው። በየብስ ላይ ሲሆን ደግሞ አጥቂው ሦስት ለሁለት ብልጫ አለው።

ይህ ምን ያስከትላል? በአስርት ተራዎች የተሠራው፣ ከባድ ጥሩር የለበሰው ውድ ጦር በትሉ ፊት በርካሽ ዋጋ ከተሠራ ተራ ቃፊር እኩል ይቆማል። የሞራል ደረጃው ከቃፊሩ ካነሰማ እንዲያውም ይብስበታል። በተጨማሪም ከምሽግ ውስጥ ሆኖ መጠበቅ፣ በዚህ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ ሁሉ የጠንቃቃ ሰው ስልት የነበረው፣ ብልጫውን ለትሉ አሳልፎ መስጠት ይሆናል። ቀድሞ የመታ ይተርፋል። የቴክኖሎጂ ዛፉን ከሁሉ ቀድሞ የወጣ ተጫዋች ሌሎቹን ጎራዎች እየረገጠ ሲያልፍ፣ ፕላኔቷ ግን ያንን ርቀት አትቆጥርለትም። ልዩ ሥልጠና ካልሰጠ፣ ሞራል ካልገነባ፣ ከ500 ዓመት በኋላ የሚመጣው መሣሪያ ቢኖረውም ይሞታል።

የሬይኖልድስ ሥራ በዚህ ብቻ አላቆመም። ማዕድን ከልክ በላይ የሚያመርት፣ መሬቱን በጥልቅ ጉድጓድ የሚበሳ ከተማ ሥነ ምህዳሩን ሲጎዳ ሻጋታው በእርሻውና በማዕድን ማውጫው ላይ ይፈነዳል፤ ትሎቹም ከዚያው ይነሣሉ። በአንጻሩ እንደ ዲርድራ ስካይ ጎራ ከፕላኔቷ ጋር የተስማማ ወገን ትሎቹን ማርኮ የራሱ ጦር ሊያደርጋቸው ይችላል። የተገደለው መንጋ ደግሞ ለገዳዩ ገንዘብ ያስገኛል። አንዱ ፍጡር ለአንዱ ቅጣት፣ ለሌላው ሠራዊት፣ ለሦስተኛው ገቢ ሆነ ማለት ነው። የችግሩ መጠን በተጫዋቹ አኗኗር ይወሰናል እንጂ በምርጫ ሰሌዳ ላይ በተጫነ ቁልፍ ብቻ አይወሰንም። በዘርፉ ታሪክ ውስጥ የፍጡራን ጠላትነት እንዲህ በምክንያት የታሰረበት ጨዋታ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2014፣ ያው ኩባንያ በዊል ሚለርና በዴቪድ ማክዶና ንድፍ «ሲቪላይዜሽን፦ ቢዮንድ ኧርዝ»ን አወጣ። አጀማመሩ ያምራል። ወደ አዲሷ ፕላኔት የወረደው ሰፋሪ በተኩላ ጥንዚዛዎችና በራፕተሮች ይከበባል። ማያዝማ የሚባለው መርዛማ ጉም በውስጡ ተራውን የጨረሰን ጭፍራ በየተራው 10 ነጥብ ጤና ይቀንሰዋል። ሲጅ ወርም የሚባለው ግዙፍ ትል በከተማው አጠገብ ሲያልፍ የተሠራውን ሁሉ ያፈራርሳል። ፍጡራኑ ሲጀመር ገለልተኛ ናቸው፤ ሲገደሉና መፈልፈያቸው ሲፈርስ ይቆጣሉ። ይህ ከአልፋ ሴንታውሪ የተወረሰ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ይሁንና ጥቂት አስር ተራዎች ካለፉ በኋላ ፍርሃቱ ይረግፋል። ምክንያቱን መፈለግ አያስቸግርም። እዚህ ያለው ጥንዚዛ የሚዋጋው ሰው በሚዋጋበት በዚያው የጥንካሬ ቁጥር ነው። የተጫዋቹ ወታደሮች በየጊዜው ከፍ ከፍ ይላሉ፤ የፍጡራኑ አቅም ግን በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። አልትራሶኒክ አጥር የሚባለው ሕንፃ ከተማዋን ከጥቃት ይከልላል። ከዚህ ሕንፃ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ምርጫ ደግሞ ይብሳል፤ ተጫዋቹ ከፈለገ የንግድ ቅፍለቶቹን ፍጡራኑ ከቶ እንዳይነኩበት ማድረግ ይችላል። በአንድ ውሳኔ የፕላኔቷ መንገዶች ሁሉ ደኅና ይሆናሉ። ያ ሁሉ አራዊት ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለወታደር ልምምድ ነው።

ጨዋታው ሲጀመር ፍጡራኑን ይበልጥ ቁጡ የሚያደርግ አማራጭ መኖሩ መፍትሔ ሊመስል ይችላል። አይደለም። አማራጩ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች ያከብዳቸዋል፣ ስሌቱን ግን አይነካም። ያ ቁጡ ጥንዚዛም ቢሆን ያው አጥር ያስቆመዋል፤ የላቀ መሣሪያም ያልፈዋል።

ለንድፍ ሠሪዎቹ ሊቀርብ የሚችል መከላከያ አለ፣ ተገቢም ነው። የቢዮንድ ኧርዝ ዋና ግጭት በሦስት አመለካከቶች መካከል ነው፦ ከፕላኔቷ ጋር መዋሐድን የሚመርጠው ሃርመኒ፣ ሰውነትን ጠብቆ መኖርን የሚሻው ፒዩሪቲ፣ በማሽን መሻሻልን የሚያልመው ሱፕሪመሲ። ፍጡራኑ ለዚህ ድራማ መድረክ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ቢያስፈሩ የሰዎቹን ክርክር ይውጡት ነበር። የሃርመኒ ተከታይ ከጊዜ በኋላ ከማያዝማው ጉዳት መዳን ብቻ ሳይሆን በውስጡ መፈወስ መጀመሩም በእርግጥ ውብ ንድፍ ነው፤ የትናንቱ መርዝ መድኃኒት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ትርጉም የሚኖረው መርዙ ለሌሎቹ እንደ መረረ ከቀጠለ ብቻ ነው። ፒዩሪቲን የመረጠው ተጫዋች ፕላኔቷን ያለ ብዙ ዋጋ ካሸነፋት ሃርመኒን የመረጠው ከምን ጋር ነው የታረቀው?

የቼኩ ዉቤ ሶፍትዌር በነሐሴ 2020 የመጀመሪያውን ሙሉ እትም ያወጣው «ፋክቶሪዮ» ለዚሁ ጥያቄ የተለየ መልስ አለው። ጨዋታው የፋብሪካ ግንባታ ነው፤ ባይተር የሚባሉት ነፍሳት ግን ስትራቴጂ ያደርጉታል። ከማቅለጫው ምድጃና ከማሞቂያው የሚወጣው ብክለት በካርታው ላይ እየተዛመተ ይሄዳል። ዛፎች ጥቂቱን ይውጡታል፤ ወደ መፈልፈያዎቹ የደረሰው ደግሞ ወደ ጥቃት ይለወጣል። የነፍሳቱ ዕድገት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በጊዜ፣ በብክለትና መፈልፈያዎቻቸውን በማፍረስ። ትንሹ ባይተር 15 ነጥብ ጤና ሲኖረው የመጨረሻው ግዙፍ 3,000 አለው። እዚህ ላይ ቁጥሩ 200 እጥፍ ማደጉ እውነት ነው፤ ያሳደገው ግን ራሱ ተጫዋቹ ነው። ፋብሪካውን ያጣደፈ ሰው ጠላቱንም ያጣድፋል። ጎረቤት መፈልፈያ አፍርሶ እፎይታ የገዛ ደግሞ የሩቆቹን ሁሉ በትንሹ አጠንክሯቸዋል። ሂሳቡ ግልጽ ስለሆነ ማንም ተሸናፊ በዕድሉ አያመካኝም።

ሕግን መለወጥ ግን ልክ አለው፤ ልኩን ያሳየውም እንደገና ፊራክሲስ ነው። በዝቅተኛ ደረጃዎች ላይ ኤክስ-ኮም ለተጫዋቹ ያደላል። ጄክ ሶሎመን በይፋ እንደተናገረው፣ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው የመምታት ዕድል ከበስተጀርባ በተጫዋቹ በኩል ከፍ ይደረጋል፣ ሰው 85 በመቶን «አይስትም» ብሎ ስለሚረዳው። ያ ዓይነት እርዳታ ማንንም አላስቆጣም። በግንቦት 2016 ለ«ኤክስ-ኮም 2» የተጨመረው «ኤሊየን ሀንተርስ» ግን ትልቅ ክርክር አስነሣ። በውስጡ የመጡት ሦስት ነገሥታት፣ የእፉኝቶቹ ንጉሥን ጨምሮ፣ ተራ አይጠብቁም፤ አንድ ወታደር አንድ እርምጃ በወሰደ ቁጥር እነርሱም አጸፋ ይመልሳሉ። ሲቆስሉ ይሸሹና ቁስላቸውን ይዘው በሌላ ውጊያ ይመለሳሉ።

ሐሳቡ ደፋር ነው። ሁለቱ ወገኖች ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ የሚለውን የጨዋታውን መሠረት ይንዳል፤ በዚህም ከክሪሳሊድ ይልቅ ሥር ነቀል ነው። የተጓደለው ለተጫዋቹ የሚቀር የብልሃት ቀዳዳ ነው። በድኑን በእሳት ማቃጠል ይቻል ነበር፤ ትሉን ቀድሞ መምታትም እንዲሁ። ንጉሡ ግን ከግንብ ማዶ ሆኖ ያላየው ወታደር ጥይት ቢሞላ እንኳ አጸፋውን ያገኛል፤ መደበቅም መዘጋጀትም እኩል ያስቀጣሉ። በ2017 የወጣው «ዋር ኦቭ ዘ ቾዝን» ይህንን አረመው። ነገሥታቱ አጸፋ የሚመልሱት በዓይናቸው ሥር ላለ ወታደር እርምጃ ብቻ ሆነ። ተራን የመስበሩ ሕግ በቦታው ቀርቷል፤ ተጫዋቹ ግን ሰዎቹን ከግድግዳ ጀርባ እያሳለፈ፣ ማን መቼ ይታይ የሚለውን ራሱ እየወሰነ መዋጋት ቻለ።