ቀፎ ያጣው ድራም

ከበሮ ያለ ሆድ አይታሰብም። የማኅሌቱን ከበሮ የሚሠራው ሰው በቅድሚያ የሚደክመው ግንዱን ለመፈልፈል ነው፤ ቆዳው የሚመጣው ኋላ ነው። የዘመናዊ ሙዚቃ ድራምም ቢሆን ያው ነው፤ ድራመሮች ስለ ቀፎው እንጨት ሲያወሩ፣ ሜፕል ነው በርች ነው ሲሉ፣ ስለ ወይን ጠጅ የሚከራከሩ ይመስላሉ። እንግዲህ አንድ ሠሪ ተነሥቶ ቀፎውን ጨርሶ ቢያስወግደውና ቆዳውን በብረት ቀለበት ላይ ብቻ ወጥሮ «ይህም ድራም ነው» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ብዙዎቹ ድራመሮች ሳቅ ይመልሱለታል። እኔ ግን ሳቁ ቸኮለ ባይ ነኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጥጃ ቆዳን በፕላስቲክ ቆዳ በመተካት እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የአሜሪካው ሬሞ ኩባንያ፣ ሮቶቶም የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ካቀረበ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሮቶቶም ማለት በብረት ማዕቀፍ የተያዘ አንድ ቆዳ ነው። ከሥሩ ባዶ አየር ነው። ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ሲያሽከረክሩት ቆዳው ይወጠራል ወይም ይላላል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1973 ካወጣው አልበም ውስጥ «ታይም» የተሰኘውን ዘፈን ያዳመጠ ሰው፣ ስሙን ባያውቀው እንኳ ድምፁን ያውቀዋል። ሰዓቶቹ ጮኸው ካበቁ በኋላ፣ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት፣ ኒክ ሜሰን ረጋ ብሎ የሚመታው እርሱን ነው። እያንዳንዱ ምት የራሱን ኖታ ይዞ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ድራም ነው ስንል ዜማ ይሆንብናል። ሜሰን ሮቶቶምን የመረጠው ለማጓጓዝ ስለሚቀል አይመስለኝም። የፈለገው ድምፅ እዚያ ስለነበረ ነው።

ኋላ የመጣው ሐሳብ ከዚህ ይለያል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ አይቮር አርቢተር ባስ ድራሙንም፣ ስኔሩንም፣ ቶሞቹንም ያለ ቀፎ አድርጎ «ፍላትስ» በሚል ስም አወጣ። ሰውየው እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሪንጎ ስታር የሉድዊግ ድራም የሸጠው፣ ቲ ፊደሏ ወደ ታች የረዘመችውን የታወቀውን የቢትልስ ጽሑፍም የነደፈው እርሱ ነው። የፍላትስ ድራሞች እንደ ሰፌድ ይነባበራሉ። ሲሸጡም የተነገረላቸው ይኸው ነበር፤ የሙሉ ድራም ድምፅ በትንሽ ቦታ። እኔን የሚከነክነኝ ይህ አባባል ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት አይደለም።

እውነት ያልሆነው ባስ ድራሙ ዘንድ ነው። ቆዳ ሲመታ አየሩን በአንድ ወገን ያምቀዋል፣ በሌላው ወገን ያሳሳዋል። ቀፎ ካለ ግድግዳው ሁለቱን ሞገዶች ያራርቃቸዋል። ቀፎ ከሌለ የኋላው ሞገድ ጠርዙን ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገናኝና እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ጉዳቱ የሚበረታው በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት ወደ 6 ሜትር ይጠጋል፤ የተለመደው ባለ 22 ኢንች ባስ ድራም ግን ስፋቱ 56 ሴንቲ ሜትር ነው። ያን ያህል ረጅም ሞገድ ይህን ጠባብ ቀለበት ዞሮ ለማለፍ ምንም አይቸግረውም። ስለዚህ ቀፎ አልባው ባስ ድራም «ዱም» ማለት ሲገባው «ጠብ» ይላል፤ ባዶ ካርቶን በእርግጫ እንደመምታት ነው። ደረት ላይ የሚያርፈው ነገር የለም።

ቶሞቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። ድምፃቸው አጭር ነው፣ ቶሎ ይሞታል፣ አንዱ ከሌላው አይቀላቀልም። ፈጠን ያለ ጭፈራ ለሚያጅብ ድራመር ይህ ጉድለት ሳይሆን በረከት ነው። አንድ ቆዳ ብቻ ያለው ስኔርም ሽቦዎቹ የሚያርፉት በሚመታው ቆዳ ላይ ስለሆነ መልሱ ፈጣንና ደረቅ ነው። እርግጥ ነው፣ ሙላት ይጎድለዋል፤ በለስላሳ ዘፈን ላይ እንደ ጆሮ ጠቢ ሊሰማ ይችላል።

ማይክራፎን ሲገባ ሚዛኑ ይለወጣል። ለቆዳው ተጠግቶ የተተከለ ማይክ በብዛት የሚሰማው የፊተኛውን ሞገድ ነው፤ የኋላው ዞሮ እስኪመጣ አይጠብቅም። በሚክሰሩ ወፍራሙን ድምፅ ከፍ ሲያደርጉት፣ ያ የካርቶን ድምፅ ሰውነት ማግኘት ይጀምራል። እንግዲህ ቀፎው ይሠራ የነበረውን ሥራ ከሞላ ጎደል ማይኩ ተረከበው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ከተማ ለምን ይጠቅማል? በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ባንዶችን አዳከመ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኪቦርዱና በውስጡ የተሞላው ምት የድራመሩን ወንበር እየወሰዱ ሄዱ። ዛሬ በየሰፈሩ ባለ ትንሽ ባር መድረኩ ከሁለት ጠረጴዛ አይሰፋም። ባለቤቱ ድራመር የማይቀጥረው ሁልጊዜ ገንዘብ ስለሚሰስት አይደለም፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ ጩኸቱም ደንበኛ ስለሚያባርርበት ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ሙሉ ድራም ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ለወጣ ሰው ተረት አይደለም። በአንድ ቦርሳ ተጭኖ በሚኒባስ የሚሄድ፣ ድምፁም አነስ የሚል ድራም ሲመጣ፣ ቢያንስ የቦታውና የጩኸቱ ምክንያት ይወድቃል።

«ታዲያ የኤሌክትሮኒክ ድራም ምን አነሰው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ነው፣ ድምፁም እንደልብ ይቀነሳል። ነገር ግን እዚያ የምንሰማው ሌላ ሰው ሌላ ቦታ መትቶ ያስቀረጸውን ድምፅ ነው። ቀፎ አልባው ድራም ደካማም ቢሆን የሚጮኸው የዚያ ሰው ምት ነው፤ በዱላው ጫፍ ሲነካው ይንሾካሾካል፣ ሲቆጣ ይቆጣል። ችክችካን የሚያጅብ ድራመር ምቱን በፀጉር ስንጥቅ ያህል ሲያዘገየው ጭፈራው የሚያገኘውን ስበት በኪቦርዱ ከተሞላው ምት ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ድራመር የምሰጠው ምክር ሠሪዎቹን አያስደስትም። ሙሉውን አትግዛ። ቶሞቹን ያለ ቀፎ አድርጋቸው፣ ስኔሩን እንደ ጆሮህ ምረጥ፤ ባስ ድራሙን ግን የጃዝ ሰዎች የሚወዱትን ባለ 18 ኢንች ባለ ቀፎ ያዝ። ትንሽ ይከብድሃል። ማታ በዘፈኑ መሐል መብራት ሲጠፋ፣ ማይኩም ኪቦርዱም አብረው ጸጥ ሲሉ፣ ከወለሉ ላይ «ዱም» እያለ ጨፋሪዎቹን የሚይዛቸው እርሱ ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ።