አንዳችን እንቀራለን

ባለፈው ጥር የአንድ ወዳጄ ልጅ ሂዩስተን ቤታችን መጥቶ ነበር። ያገለገለ አርቪ፣ ተሽከርካሪ ቤት፣ ገዝቷል፤ ሚስቱንና ውሻውን ይዞ ከፔንሳኮላ ተነስቶ፣ የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ እየተከተለ እስከ ኮርፐስ ክሪስቲ ሊወርድ ነው። ስለ ጎማ፣ ስለ ፕሮፔን፣ ስለ ቆሻሻ ውሃ ታንክ አላደከመኝም። በዚያ አገር ትንኝ የልብ ትል እንደምታስተላልፍና ክኒኑ በየወሩ እንደሚሰጥም ያውቃል። ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ውሻውን ውስጥ ትተን ስንወጣ ሙቀቱን በስልክ የሚነግር መሣሪያ አለ አሉ፤ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ።

«አንዳችሁ ቅሩ» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ይህን የምጽፈው ስለ ሳቀ ነው።

የመሣሪያው ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ጋር ካምፕ ሜዳው ላይ ስከራከር ዓመታት አልፈዋል። ኤሲውን ክፈት፣ መሣሪያውን ስቀል፣ ሂድ ይላሉ። እኔ የምመልሰው አንድ ነው፦ መሣሪያው የሚነግርህ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ካለ። ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን፣ የተዘጋ የቤት መኪና በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ይደርሳል። አርቪ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል፤ ቆርቆሮነቱን ግን አይተውም። ውሻ ደግሞ እንደኛ በገላው አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። የሚያለከልከው አየር ራሱ ከጋለ በምን ይበርዳል?

እኛም ከእነሱ ወገን ነበርን። ሉዊዚያና ምዕራብ ዳርቻ ላይ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ለውሻችን ለቡቺ ኤሲ ከፍተንለት ዓሣ ልንበላ ወጣን። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆየን። በመሃል ስልኬን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ሁለቴም 23 ዲግሪ ይላል። ስንመለስ የኤሲው ድምፅ የለም። ሙቀት በበረታበት ከሰዓት ሜዳው ሁሉ ኤሲ ከፍቶ የመብራቱ ኃይል ወርዶ ኖሮ ብሬከሩ ወድቋል፤ መሣሪያውም ኔትወርክ ስላጣ ስልኬ የሚያሳየኝ የቆየውን ቁጥር ነው። ቡቺ ሻወሩ ወለል ላይ ተዘርግቶ አገኘነው። ምላሱ ጠቁሯል፤ ስሙን ስጠራው ጆሮውን እንኳ አላነሳም። ባለቤቴ በቀዝቃዛ ውሃ (በበረዶ አይደለም) ሆዱንና መዳፎቹን እያራሰች፣ እኔ እየነዳሁ ሐኪም ዘንድ አደረስነው። ዳነ። መንገዱን ሙሉ ቃል አልተለዋወጥንም። ባለቤቴ ያደገችው ውሻ ከግቢ በር በማያልፍበት ቤት ነው፤ ቡቺን ስናመጣው ሳሎን አይገባም ብላ ነበር። ያን ማታ ግን አርቪው ወለል ላይ ጋቢዋን አንጥፋ አብራው አደረች። ሲነጋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንዳችን እንቀራለን» አለች። ይኸው ስድስት ክረምት ሆነው፣ ሕጉ አንድ ቀን አልተሰበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሙዚየም ወይም ውሻ የማይገባበት ምሽግ ሲያጋጥመን አንዳችን ጠዋት እንወጣለን፤ ሌላችን ከሰዓት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝንልናል፤ «ታዲያ አብራችሁ ምን አያችሁ?» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ማታውን አላየም። ማታ ቡና ይፈላል። ዕጣኑ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ስለሚያስጮኸው የሚጨሰው ደጅ፣ ከደረጃው ሥር ነው። የወጣው ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ የቀረው አቦሉ ሳያልቅ አያቋርጥም። ሕጉ ይኼ ነው።

ሚሲሲፒ ውስጥ ኦሽን ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ እኛ የምናርፈው እዚያው ዴቪስ ባዩ ነው። የዋልተር አንደርሰን ሙዚየም ተራው የባለቤቴ ነበር። ማታ እንዲህ አለችኝ፦ ሠዓሊው በጀልባ ወደ ሆርን ደሴት እየቀዘፈ ብቻውን ይሰነብት ነበር፤ ቤቱም ውስጥ ቆልፎ የያዘው፣ ማንንም የማያስገባው አንድ ክፍል ነበረው። በ1965 ሲሞት ሚስቱ ከፍታ ገባች። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ተሥሏል፤ ከንጋት እስከ ሌሊት ያለው የዚያ ዳርቻ ቀን በሙሉ፣ ወፉም አበባውም። ክፍሉ ዛሬ ተነቅሎ ሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ባለቤቴ ይህን ብላ ሲኒውን አስቀመጠችና፣ «ያን ሁሉ አይቶ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሳይነግራት» አለች። ስለ ሠዓሊው ብቻ እንዳልተናገረች ገባኝ።

እኔ 17 ዓመት ትራክ ነድቻለሁ። ይህን ዳርቻ በአይ-10 አውራ ጎዳና ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላስታውስም፤ ጭነቱን እንጂ አገሩን አላውቀውም ነበር። ማታ ስደውል የምላት፣ «ደህና ነኝ፤ ጭነት እየጠበቅሁ ነው» ነው። ልጆቹን ያሳደገችው እሷ ናት። ሞቢል ላይ ድልድዩን ስሻገር ጭጋጉ ከሥሬ እንደሚተኛ፣ ንጋት ላይ ውሃው መዳብ እንደሚመስል አንድ ቀን አልነገርኳትም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ሞቢል ውስጥ ያለው አሮጌው ዋሻ ለአርቪያችን ቁመት ስለማይሆን የምንዞረው በኮክረን አፍሪካታውን ድልድይ ነው። ከሥሩ ያለችውን መንደር የመሠረቷት ሰዎች በ1860 ክሎቲልዳ በምትባል መርከብ፣ ሕግ ባሪያ ማስገባትን ከከለከለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በድብቅ ከአፍሪካ የተጋዙ ናቸው። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው መመለስ ስላልቻሉ መሬት ገዝተው የራሳቸውን ሠፈር ሠሩ። የመርከቧ ስብርባሪ መገኘቱ የተረጋገጠው በ2019 ነው፤ ከእንጨቱም ቁርጥራጮች እንዳይፈርሱ ውሃ ውስጥ ተነክረው እዚያው መንደሯ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። ጠዋት ገብቼ ስወጣ መናገር አቃተኝ። ባለቤቴ ከሰዓት ገባች። ያን ማታ እኔ እንጨቱን ስናገር እሷ የሰዎቹን ፊት ተናገረች። አብረን ገብተን ቢሆን ተያይተን ራሳችንን ነቅንቀን እንወጣ ነበር፤ የእሷን ግማሽ አልሰማውም ነበር።

ፓድሬ ደሴት ላይ ተራ የለም። እዚያ ውሻ በስድስት ጫማ ማሰሪያ አሸዋው ላይ ይፈቀድለታል፤ 113 ኪሎ ሜትር ያልተነካ ዳርቻ ነው፤ ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን። ቡቺ ጨዋማውን ውሃ እንዳይጠጣ ጠርሙስ የምይዘው እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ለሐምሌ ነው አሉ ያሰብከው። ሐምሌን ተውና በየካቲት ውጡ። መሣሪያውንም ከፈለግህ ግዛው፤ እናንተ ውስጥ ሆናችሁም ይጠቅማል። የመጀመሪያውን ቀን ግን አንተ ቅር፤ እሷ ትውጣ። ስትመለስ ቡናው ፈልቶ ይጠብቃት።